«ቅጠሉ ፈወሰኝ» ለማለት ምን ያስፈልጋል?

በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት አቀበት ሲወጡ ባታቸውን ጨምድዶ የሚያስቆማቸው፣ ዐረፍ ሲሉ ግን ሕመሙ የሚለቃቸው አረጋውያን ሊያጋጥሙን ይችላሉ። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ወደ እግር የሚሄዱት ደም ቅዳዎች በስብ ክምችት ሲጠቡ ነው።

ለመሆኑ አንድ አባት ቅጠል ቀቅለው ጠጥተው ከወራት በኋላ ረጅም መንገድ ቢራመዱ፣ የረዳቸው ቅጠሉ ነው? የግድ አይደለም። አዘውትሮ መራመድ ብቻውን ሕመሙን ያቀላል፤ ተስፋም ያበረታል። ስለዚህ በሳይንሳዊ ሙከራ ታማሚዎች በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን መድኃኒቱን፣ ሌላው በመልክ የሚመስለውን ባዶ እንክብል ይወስዳል። ማን የትኛውን እንደወሰደ ታማሚውም መርማሪውም አያውቁም። በመጨረሻ ሕመም እስኪያስቆማቸው የተጓዙት ርቀት ይለካል።

ጊንኮ ቢሎባ የተባለው የቻይና ዛፍ ቅጠል በዚህ መንገድ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኮክሬን ግምገማ 477 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 11 ሙከራዎች ሲያጠቃልል፣ ቅጠሉን የወሰዱት በአማካይ 64.5 ሜትር ያህል ብቻ በለጡ። ይህም በአጋጣሚ ሊከሠት የሚችል ልዩነት ነው።

እንግዲህ ጤና አዳምም ይሁን ሌላ ቅጠል ለእግር ይበጃል ሲባል፣ «ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» ብለን እንጠይቅ። ባልተፈተነ መድኃኒት ተማምኖ ከሐኪም መዘግየት እግርን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላልና።