«አየር ብቻ ነው»፦ ስለ ታጣፊው የአየር ጠመንጃ ተረትና እውነታ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1803 አሜሪካዊው ካፒቴን ሜሪዌዘር ሉዊስ ከፒትስበርግ ተነሥቶ የኦሃዮን ወንዝ ተከትሎ ቁልቁል መጓዝ ጀመረ። ብዙም ሳይርቅ አንዲት ደሴት ላይ ያገኛቸው ሰዎች የአየር ጠመንጃውን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ሰባት ጊዜ ተኩሶ አሳያቸው። ከዚያ ጠመንጃውን የያዘው ሌላ ሰው ግን ጠባዩን አያውቅምና ሳያስበው ባረቀበት። እርሳሱ 36 ሜትር ያህል ርቃ የነበረችን ሴት ባርኔጣ በስቶ ጆሮ ግንዷን ጫረ። ሴትዮዋ ደሟ እየፈሰሰ ወደቀች፤ ሁሉም ሞተች ብሎ ደነገጠ። ከደቂቃ በኋላ ነፍስ ዘራች። ይህን የመዘገበው ሉዊስ ራሱ ነው፣ በጉዞ ማስታወሻው ላይ።

ባሩድ የለም፣ ጭስ የለም፣ የተኮሰው አየር ነው። «አየር ብቻ ነው» የሚለው አባባል ከሁሉም የአየር ጠመንጃ ተረቶች አንጋፋው ሲሆን ሌሎቹም የሚወለዱት ከእሱ ነው።

የአየር ጠመንጃ የልጅ መጫወቻ አይደለም። ጂራንዶኒ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ የቀመረው መሣሪያ ከ1780 ጀምሮ በኦስትሪያ ጦር እጅ ነበር። አየሩ የሚታመቀው ሰደፉ ውስጥ ሲሆን ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መንፋት ያስፈልግ ነበር። ጠመንጃው ከጦር ሜዳ የወጣው ኃይል አንሶት አይደለም። ጥገናው አስቸጋሪ ሆነ፤ ማጠራቀሚያው ያፈስስ ነበር፤ የሚያውቅበት ባለሙያም እንደ ልብ አልተገኘም።

ዛሬ አየሩ ቀድሞ የሚሞላለት የአየር ጠመንጃ በአብዛኛው ከ200 እስከ 250 ባር ይይዛል። ቁጥሩን ለመረዳት ጎሚስታ ቤት መሄድ ይበቃል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው 2.5 ባር አካባቢ ነው፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰርም ብዙውን ጊዜ ከ10 ባር አያልፍም። 200 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 200 ኪሎ የሚያህል ጫና ነው። የሲሊንደሩ መድፈኛ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ማለትም ከለስላሳ ቆርኪ ትንሽ ቢያንስ፣ ከኋላው የሚገፋው ኃይል ወደ 10 ኩንታል ይጠጋል። ያንን መድፈኛ አየሩን ሳያወጣ በካቻቢቴ የሚፈታ ሰው አሥር ኩንታል የሚገፋውን ነገር ደረቱ ላይ ደግኖ ነው የሚሠራው።

«ጌጁ ዜሮ ካሳየ ባዶ ነው» የሚለው እምነት ከሁሉም ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ጠንቃቃውንም ሰው ያታልላል። ጌጅ ሊበላሽ፣ መርፌውም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የግፊት መቆጣጠሪያ ያለው ጠመንጃ ነው። በመቆጣጠሪያውና በቫልቩ መካከል የራሱ ትንሽ ክፍል አለ። ዋናው ሲሊንደር ባዶ ሆኖ ያ ክፍል ግን ከ100 ባር በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አየር የሚወጣው አምራቹ በመመሪያው ባስቀመጠው መንገድ፣ ቀስ በቀስ፣ የሁሉም ክፍል እስኪያልቅ ነው። ብሎን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

«በተጨመረ ቁጥር ይጠነክራል» የሚሉም አሉ። በርግጥ እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ እውነት ነው። ቃታ ሲሳብ በሞላ የተወጠረ መዶሻ ቫልቩን መትቶ ለቅጽበት ይከፍተዋል። ከኋላ ያለው አየር ግን ቫልቩን ዘግቶ መያዝ ይፈልጋል። ከልክ በላይ ከተሞላ መዶሻው ቫልቩን በደንብ መክፈት ያቅተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ እርሳሶች ደክመው ይወጣሉ፣ ከኢላማው ዝቅ ብለውም ይመታሉ። አየሩ እየቀነሰ ሲሄድ ነው ፍጥነቱ የሚጨምረው። ግፊት ጨምሮ ኃይል የሚፈልግ ሰው ሲሊንደሩን አስጨንቆ ጠመንጃውን ያደክማል ማለት ነው።

ሞላ ቀይሮ ወይም ቫልቭ አስፍቶ ኃይል መጨመርም ከሕግ ጋር ያጋጫል። እንግሊዝ ውስጥ ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ16.27 ጁል በላይ ያለው የአየር ጠመንጃ ፈቃድ የሚጠየቅበት የጦር መሣሪያ ይሆናል። በስኮትላንድ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ከዚያ በታች ላለውም ፈቃድ ግድ ነው። ጀርመን ደግሞ ወሰኑን 7.5 ጁል ላይ አድርጋለች። በእነዚህ አገሮች የሚኖር ወገናችን ጠመንጃው ላይ የሚያደርገው ለውጥ ከዚህ መስመር ቢያልፍ «አላወቅሁም» ማለቱ አያድነውም።

«የትኛውም የታመቀ ጋዝ ይሠራል» የሚለው ደግሞ ሰው ሊገድል የሚችል ስሕተት ነው። በያጅ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ዘይት በነካው እጅ የኦክስጂን ሲሊንደር መክፈቻ አይነካም። ኦክስጂን በከፍተኛ ግፊት ዘይት ወይም ግራሶ ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሕክምናም ሆነ የብየዳ ኦክስጂን በአየር ጠመንጃ ውስጥ ቦታ የለውም። የሚሞላው ንጹሕና ደረቅ አየር ነው።

ደረቅ መባሉም ያለ ነገር አይደለም። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይቀራል። ማጣሪያ በሌለው የእጅ ፓምፕ ተቻኩሎ የሚነፋ ሰው ለዓመታት ውሃ እያጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ዝገቱ ከውስጥ ነው፤ የውጭው ቀለም እያብረቀረቀ ግድግዳው ይሳሳል።

«ዘይት የማይጠቅመው ማሽን የለም» የሚለውን የመካኒክ ልማድም እዚህ ላይ መተው ይገባል። ተራ የሞተር ዘይት አየር በድንገት በሚታመቅበት ቦታ ልክ እንደ ናፍጣ ሞተር ሊነድ ይችላል። አየር የሚነካቸው የጎማ ቀለበቶች የሚፈልጉት የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ እሱም ትንሽ።

ማፍሰስ ሲጀምር የሚደረገው ፍለጋ ጎሚስታ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ እንደሚፈልገው ያለ ነው። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው የሚፈላበት ቦታ ነው ችግሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአንዲት የጎማ ቀለበት (ኦ-ሪንግ) ሆኖ ይገኛል፤ ብርሃን ላይ ተይዛ ሲታጠፍ ብቻ የምትታይ፣ ፀጉር የምታክል ጭረት ትሆናለች። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አሮጌዋ በእንጨት የጥርስ መፈልፈያ ትወጣለች። በብረት ከተፈነቀለች ቦይዋ ይጫራል፤ የተጫረ ቦይ ደግሞ በአዲስ ቀለበትም አይታተምም። አዲሷ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል የሲሊኮን ግራሶ በጣት ይታሻል፤ ቀለበቷ ስትገባም የብሎኑ ጥርስ እንዳይቆርጣት በዝግታ ትገፋለች። መጠኗና ጥንካሬዋ አምራቹ የጻፈው መሆን አለበት፤ የቧንቧ ቀለበት ስለመሰለች ብቻ 200 ባር አትሸከምም።

መታጠፉ ራሱ የወለደው ተረት አለ፦ «ከታጠፈ አይተኩስም»። ታጣፊ ክላሽ የሚያውቅ ሰው ሰደፉ ታጥፎም እንደሚተኩስ አይጠፋውም። ሰደፉ ብቻ የሚታጠፍ የአየር ጠመንጃም እንዲሁ ነው። ሩሲያ የተሠራው ኤድጋን ሌሺ ዓይነቱ፣ ከመሃሉ የሚታጠፈው፣ ለየት ይላል፤ ሲታጠፍ አፈሙዙ ከአየሩ መንገድ ይለያል። ነገር ግን ማጠፍ አየሩን አያወጣውም፤ የጎረሰውም እርሳስ በሚገባ አፈሙዙ ውስጥ ተጨብጦ ይቆያል። ማጠፊያው ላይ አቧራ ከገባ ወይም ከላላ ደግሞ ጠመንጃው በተዘረጋ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተለየ ስለሚገጥም ምቱ ይዛነፋል። ብዙ ሰው ጥፋቱን መነጽሩ ላይ ያላክካል።

ጥንቃቄውን የሚያቃልል ቢኖር የኦሊምፒክን ተኳሾች ይመልከት። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ከ1984ቱ ሎስ አንጀለስ ጀምሮ አለ፤ የኢላማው አሥር ቁጥር ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ደረጃ ያሉ ተወዳዳሪዎችም የአየር ሲሊንደራቸው የአገልግሎት ጊዜ ያላለፈ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት አለባቸው፤ ተቆጣጣሪዎችም ይመለከቱታል።

የአየር ጠመንጃ በቤትዎ ካለ ዛሬ ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን ቀን ያንብቡ። ጊዜው ካለፈ ወይም ግድግዳው ከተጎዳ እንደገና አይሙሉት፤ ለሚመለከተው ባለሙያ ይስጡት።