ሞተር «ሚስ» ሲያደርግ፦ መለዋወጫ ከመግዛትዎ በፊት መንስኤውን ይለዩ

በክረምት ወራት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በሐሙሲትና በወረታ መካከል የሚመላለሱ አነስተኛ መኪናዎችም ውኃ የተኛባቸውን ቦታዎች ለማቋረጥ ይገደዳሉ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢንቀጠቀጥና ጉልበት ቢያጣ፣ ባለንብረቱ ካንዴላ፣ ኮይልና የነዳጅ ፓምፕ በተከታታይ አስቀይሮም ችግሩ ሳይወገድ ሊቀር ይችላል። ይህ የሚሆነው መንስኤው ሳይጣራ ዕቃ ስለሚቀየር ነው። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶች ካላስፈላጊ ወጪና ከአደጋ እንዲጠበቁ ለማስገንዘብ ተዘጋጅቷል።

የችግሩ ምንነት

በቤንዚን የሚሠራ የመኪና ሞተር በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ 400 ጊዜ ይቃጠላል። ለዚህም የተመጣጠነ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ፣ በቂ ኮምፕሬሽን እና ጊዜውን የጠበቀ የእሳት ብልጭታ ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ነዳጁ ሳይቃጠል ያልፋል፤ ሞተሩም «ሚስ አደረገ» ይባላል።

አስቸኳይ ጥንቃቄ

የሞተር ምልክት መብራቱ ሳያቋርጥ ቢበራና መኪናው ጉልበቱን ብዙም ባያጣ በዝግታ ወደ ቅርብ ጋራዥ መጓዝ ይቻላል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው አልፎ የጭስ ማጣሪያውን (ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን) ከመጠን በላይ ሊያግለውና ሊያበላሸው ይችላል። ስለሆነም መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። የጋለ ጭስ ማውጫ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በደረቅ ሣር ወይም በሩዝ ገለባ ላይ ማቆም አይገባም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. ችግሩ የሚከሰትበትን ሁኔታ ማስታወስ፦ ከዝናብ ወይም ከሞተር እጥበት በኋላ ብቻ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በካንዴላ ጉድጓድ፣ በኮይል ወይም በገመድ ላይ ያለ እርጥበት ነው። ዳገት ላይ የሚብስ ከሆነ ደካማ ብልጭታ ወይም የነዳጅ እጥረት ሊሆን ይችላል።

2. ሲሊንደሩን መለየት፦ በመመርመሪያ መሣሪያ ሲነበብ «ፒ 0302» የሚል ኮድ ችግሩ በሁለተኛው ሲሊንደር መሆኑን ያመለክታል፤ «ፒ 0300» ደግሞ በአንድ ሲሊንደር ያልተወሰነ መሆኑን ያሳያል። ኮምፒውተር በሌላቸው አሮጌ መኪናዎች ባለሙያው የሲሊንደሮቹን ብልጭታ በየተራ ያቋርጣል፤ ሲቋረጥ የሞተሩ ድምፅ የማይለወጠው ሲሊንደር የማይሠራው ነው። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚተላለፍበት ይህንን ባለንብረቱ በእጁ መሞከር የለበትም።

3. ካንዴላውን መመልከት፦ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ወይም የአየር ማጣሪያ በአቧራ መደፈኑን፣ ዘይት መልበሱ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን፣ በቤንዚን መራሱ ብልጭታ አለመኖሩን፣ መንጣቱ ደግሞ ነዳጅ ማነሱን ወይም ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ሊያመለክት ይችላል።

4. ኮይሉን ማዘዋወር፦ ለየሲሊንደሩ ኮይል ባላቸው መኪናዎች የሁለተኛው ሲሊንደር ኮይል ወደ ሦስተኛው ተዛውሮ ኮዱም ወደ «ፒ 0303» ከተለወጠ የተበላሸው ኮይሉ ነው። ኮዱ ካልተለወጠ አዲስ ኮይል መግዛት መፍትሔ አይሆንም።

5. ነዳጁን ማጣራት፦ ከማደያ ውጭ በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ውኃ ወይም ሌላ ነዳጅ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ነዳጅ ከተሞላ በኋላ የጀመረ ከሆነ ለመካኒኩ መንገር ተገቢ ነው።

6. ኮምፕሬሽን መለካት፦ ብልጭታውና ነዳጁ ደኅና ከሆኑ የቫልቭ፣ የፒስተን ፋሻ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጉዳት መኖሩ ይመረመራል። ጥገናው ከፍተኛ ወጪ ስለሚጠይቅ ሳይለኩ ሞተር መፍታት አይመከርም።

ከጋራዥ ምን ይጠየቃል?

ባለንብረቱ የተነበበውን ኮድ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃና ደረሰኝ መጠየቅ ይኖርበታል። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል። ሆኖም የሞተር ብልሽት የምርመራውን ቀን ስለማይጠብቅ፣ ምልክቱ እንደታየ ማስመርመር የባለንብረቱን ገንዘብ፣ የተሳፋሪውንም ሕይወት ይታደጋል።