ማግኔት የሚይዘው ሰንጢ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ምክር አለ። ሰንጢ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና መቀስ በአንድነት አጣጥፎ የያዘውን የኪስ መሣሪያ ስትገዙ ማግኔት አስጠጉበት፤ ከሳበው ፎርጅድ ነው፣ ካልሳበው እውነተኛ ስቴንለስ ነው ይላል። ነገሩ ተራ ስህተት ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ይኼኛው ግን ገዢውን ደህናውን አስጥሎ የባሰውን ያስይዘዋል።

ስለ መሣሪያው ጥቅም አላብራራም፤ የላላ ብሎን ገጥሞት የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ታሪኩንም ባጭሩ ልለፈው። ስዊዘርላንዳዊው ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ጦር የኪስ ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ የዛሬው የቪክቶሪኖክስ ኩባንያ መሥራች እሱ ነው። ፒንሳውን የመሣሪያው እምብርት ያደረገው አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር ያሰበውን በ1983 ለገበያ አበቃ።

አሁን ወደ ብረቱ። አረብ ብረት ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲገባ፣ ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ቢጫር እንኳ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ሽፋኑ ራሱን ይተካል። ዝገትን የሚከለክለው ይህ ብቻ ነው፤ ማግኔት እዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም።

ማግኔት መሳብ አለመሳቡን የሚወስነው የብረቱ አተሞች የተደረደሩበት መንገድ ነው። የጥሩ ማንኪያና የእቃ ማጠቢያ ገንዳ ብረት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ኒኬሉ፣ ብረቱ ሲግል የያዘውን አደራደር ሲቀዘቅዝም እንዳይለቅ ያደርገዋል፤ ይህ አደራደር ማግኔት አይስበውም። ችግሩ፣ እንዲህ ያለውን ብረት አግለው ቢነክሩት አይጠነክርም። ስለት ብታወጡለት ወዲያው ይዶለዱማል።

ስለዚህ ሰንጢ ሠሪው ኒኬሉን ትቶ ካርቦን ይጨምራል። ሌዘርማን በብዙ ሞዴሎቹ የሚጠቀምበት 420ኤችሲ የተባለው ብረት 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና ግማሽ በመቶ የሚጠጋ ካርቦን አለው። ይህን ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አግለው ድንገት ያቀዘቅዙታል። አተሞቹ በቅጽበት ወደ ሌላ አደራደር ሲዞሩ ካርቦኑ መውጫ ጊዜ ያጣል፤ ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር ላይ እንደተጫነ ትርፍ ተሳፋሪ ተጨናንቆ ይቀራል። ማንም መንቀሳቀስ አይችልም። ጥንካሬ ማለት ይኸው ነው፤ አደራደሩም ማርተንሳይት ይባላል። ማርተንሳይት ደግሞ ማግኔት ይስበዋል። ስለቱን ስለት ያደረገው ሂደት ራሱ ለማግኔት የሚሳብ አድርጎታል ማለት ነው። ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ያቀለጠው ዝነኛው የማይዝግ ብረት እንኳ 13 በመቶ የሚጠጋ ክሮሚየም ያለው፣ ማግኔት የሚስበው ዓይነት ነበር። በምክሩ ሚዛን እሱም ፎርጅድ ሊባል ነው!

የብረት ባለሙያዎች እዚህ ላይ እንዳይነሱብኝ ጥቂት ነገር ልጨምር። ኒኬል የሌለው ማንኪያም ማግኔት ይስበዋል። ኒኬል ያለውም ቢሆን ሳይግል በኃይል ከታጠፈ መታጠፊያው ላይ በመጠኑ ሊሳብ ይችላል። ከታይታኒየም ወይም ከኮባልት ቅይጥ የሚሠሩ፣ ማግኔት የማይስባቸው ውድ ስለቶችም አሉ። የቪክቶሪኖክስ ሰንጢ የውስጥ ክፋዮች አሉሚኒየም ስለሆኑ አይሳቡም። በሌላ በኩል፣ ክሮሚየም የሌለው የሚዝግ ተራ ብረትም ይሳባል። ስለዚህ ማግኔት መሳቡ ለጥራት ምስክር አይሆንም። የርካሽ መሣሪያ ስለት አለመሳቡ ግን ሊያጠራጥራችሁ ይገባል።

“ታዲያ የእኔ ለምን ዛገ?” ለሚል መልሱ ያው ካርቦን ነው። ካርቦን የክሮሚየሙን ከፊል ለራሱ ይዞ ስለሚያስቀር ለሽፋኑ የሚተርፈው ያንሳል፤ ስለዚህ ሰንጢ ከማንኪያ ይልቅ ለዝገት ቅርብ ነው። ጨው ሽፋኑን በነጠብጣብ ይበሳዋል። የኪስ ላብ ጨው አለው፤ ጅዳና ዱባይ ያላችሁ ደግሞ የባሕሩን አየር ጨምሩበት። ከሁሉ የከፋው መታጠፊያው ነው፤ እዚያ የገባ እርጥበት ኦክስጅኑን ይጨርስና ሽፋኑ ራሱን መተካት ይሳነዋል። ሎሚ ወይም ሥጋ ከቆረጣችሁበት ሁሉንም ክፍል ዘርግታችሁ እጠቡት፣ እንደተዘረጋ አድርቁት፣ መታጠፊያው ላይ የማሽን ዘይት ጠብ አድርጉ። የምግብ ዘይት ግን ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ልትገዙ ስትሉ ፒንሳውን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ ጫፉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ ተዉት። ስለቱን ከፍታችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ እሱንም ተዉት። የብረቱ ዓይነት ምን እንደሆነም ሻጩን ጠይቁት፤ ካላወቀ ማሸጊያው ላይ ፈልጉ፣ እዚያም ካልተጻፈ ሌላ ሱቅ ሂዱ።