ትል ሲወጣ አስም ይገባል? ከጅማ እስከ ቡታጅራ የዘለቀ ጥያቄ

«እኛ አፈር ላይ እየተንከባለልን ነው ያደግነው፤ አስም፣ አለርጂ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር።» ይህን ከአያቶች አፍ ያልሰማ የከተማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ልጁ ሌሊት ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ለሚልበት፣ ወይም የክርኑና የጉልበቱ መታጠፊያ በችፌ ተሰነጣጥቆ ሲያክ ለሚያድርበት ቤተሰብ ግን አባባሉ ወቀሳ ይሆንበታል። ንጽሕና አብዝቼበት ይሆን? የትል መድኃኒቱ ይሆን ያመጣው? ሳይንቲስቶችም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ከሠላሳ ዓመት በላይ ደክመውበታል። መልሱን ፍለጋ ከተሄደባቸው የዓለም ቦታዎች መካከል ጅማና ቡታጅራ ይገኙበታል፤ የእነዚህ ከተሞችና የገጠሮቻቸው ነዋሪዎች ለዓለም ሕክምና ያበረከቱት ዕውቀት በአገራችን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ ነው። በ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ዴቪድ ስትራካን የተባለ ሐኪም በ1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ከ17 ሺህ በላይ እንግሊዛውያንን መረጃ ሲመረምር ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች ያሏቸው ልጆች በአበባ ብናኝ አለርጂና በችፌ እምብዛም እንደማይያዙ አየ። ግምቱም፣ ታላላቆች ከውጭ ይዘውት የሚገቡት ተላላፊ በሽታ የታናሹን የሰውነት መከላከያ ያሠለጥነዋል የሚል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ኤሪካ ፎን ሙቲየስ የተባለች ጀርመናዊት የሕፃናት ሐኪም ሁለቱ ጀርመኖች እንደተዋሐዱ የምሥራቁንና የምዕራቡን ልጆች አነጻጸረች። የፋብሪካ ጭስ የሚያፍናቸው የምሥራቅ ልጆች በአስም ይብሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ ተገላቢጦሹ ሆነ፤ አስምና አለርጂ የበዛው በምዕራቡ ልጆች ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ «የንጽሕና መላምት» በሚል ስም ዓለምን ዞረ።

ጅማ የገባችበት እዚህ ላይ ነው። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በጅማ ከተማ 9,844፣ ራቅ ባሉ ሦስት የገጠር አካባቢዎች ደግሞ 3,032 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። አስም አለብኝ ያለው የከተማ ሰው ድርሻ ከገጠሩ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው የከተማ ታማሚም ሕመሙ የጀመረው ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ነበር። ተመራማሪዎቹን የበለጠ ያስገረመው ግን የቆዳ ምርመራው ነው። በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳሉ። የእነሱን ፈሳሽ ክንድ ላይ ጠብ አድርገው በመርፌ ጫፍ ጫር ሲያደርጉት የገጠሩ ሰው ቆዳ ከከተሜው ባላነሰ አበጠ። ማለትም የገጠሩ ሰው ሰውነት ለአለርጂ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሕመሙ ግን የለም። በከተማው ቆዳው ያበጠ ሰው ደረቱም ሲር ሲር ይላል፤ በገጠር ይህ ዝምድና ጠፋ። ታዲያ ገጠሬውን ምን ጠበቀው?

ጥርጣሬው የአንጀት ትል ላይ አረፈ። በአለርጂ ጊዜ የሚነሳው አይጂኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ሰውነት ትልን ለመዋጋትም የሚያመርተው ነው። ትሉም በበኩሉ ዝም ብሎ አይደበደብም፤ ሰው አንጀት ውስጥ ዓመታት ለመኖር የመከላከያውን ቁጣ የሚያበርዱ ሴሎችን ያነቃቃል። ቁጣው ለትሉ ሲበርድ ለአቧራውም ሊበርድ ይችላል። ይህ ሐሳብ የሚያምር ነው፤ በሳይንስ ውስጥ የሚያምር ሐሳብ ደግሞ ካልተፈተነ አደገኛ ይሆናል።

በ2001 ከዚያው ከጅማ የወጣ ሌላ ጥናት ሐሳቡን የደገፈ መሰለ። የመንጠቆ ትል ያለበት ሰው ደረቱ ሲር ሲር የማለት ዕድሉ ከሌለበት ሰው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በተደረገው ጥናትም ወስፋት ያለባቸው ልጆች ሲርሲርታው ቀለል ብሎላቸው ታየ። ችፌ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፕሮፌሰር አብርሃም ኃይለአምላክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጅማ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ምርመራ ትሪኩሪስ የተባለው ትል ያለባቸው ልጆች ችፌ በዝቶባቸው ተገኘ። ይኸው ቡድን አንድ መሠረታዊ ችግርም አሳይቷል፦ በአውሮፓ የተዘጋጀው የችፌ መጠይቅ በሐኪም ዓይን ሲረጋገጥ በእኛ አገር ልጆች ላይ ብዙ ይስታል። እከክ በሰፊው ባለበት አገር «ልጅሽን ያሳክከዋል ወይ?» ብሎ እናትን መጠየቅ ብቻውን ስለ ችፌ አይናገርም። ከሁሉም ግኝት ይልቅ ይህንን እኔ እጅግ አከብረዋለሁ፤ ሌላው ዓለም የኢትዮጵያን ልጆች በቁጥር ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽር ምን እየቆጠረ እንደሆነ አስጠይቋልና።

ደግሞም የአንድ ቀን ፎቶ የሚመስሉ እንዲህ ያሉ ጥናቶች የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ አይናገሩም። ትል ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ጫማ የሌለው፣ አፈር የሚቆፍር፣ ከከብት ጋር የሚያድር፣ የፋብሪካ ምግብ የማያውቅ ሰው ነው። ከእነዚህ የትኛው ጠበቀው? ይህን ለመለየት ልጆችን ገና ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ መከተል ያስፈልግ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቡታጅራ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሕዝብ ጤና ክትትል ስለነበረ ቦታው ለዚህ ተመረጠ። በ2005 እና 2006 የአዲስ አበባና የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች 1,065 ነፍሰ ጡሮችን መዝግበው የወለዷቸውን ልጆች በ1፣ በ3 እና በ5 ዓመታቸው እየተመለሱ አዩ። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ሥራ ፈትተው፣ ናሙና ሰጥተው ዓመታት ተባበሩ።

ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። በልጆቹ ላይ የተገኘው ትል በጣም ጥቂት በመሆኑ ዋናው ጥያቄ በዚያ ዕድሜ ሊመለስ አልቻለም። በምትኩ ጎልቶ የወጣው ፓራሲታሞል ነው፤ መድኃኒቱን አብዝተው የወሰዱ ልጆች በኋላ ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ነገር በመጠኑ ልክ ጨመረ። ወላጅ ይህን ሰምቶ እንዳይደነግጥ። ትኩሳት ያለበት፣ ደረቱ የሚታመም ልጅ ነው ፓራሲታሞል የሚሰጠው፤ ስለዚህ የሳንባ ሕመሙ ራሱ መድኃኒቱንም ሲርሲርታውንም አስከትሎ ሊሆን ይችላል። በ2016 በአሜሪካ ቀለል ያለ አስም ያለባቸው 300 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሹ ፓራሲታሞል፣ ግማሹ አይቡፕሮፌን እንዲወስድ ሲደረግ በአስም መባባስ ረገድ ልዩነት አልታየም።

የትሉም ጉዳይ ፍርድ ያገኘው በእንዲህ ያለ በዕጣ በሚደለደል ሙከራ ነው። የኖቲንግሃም ተመራማሪዎች በ32 የአስም ታማሚዎች ላይ ሙከራ አደረጉ፤ የከፊሎቹን ቆዳ በአሥር አሥር የመንጠቆ ትል እጭ ቢነኩትም በ2010 የወጣው ውጤት አስሙ ያን ያህል እንዳልተሻለ አሳየ። በኢኳዶር በ68 ትምህርት ቤቶች ከሚማሩ ከ2 ሺህ በላይ ልጆች ከፊሎቹ ለአንድ ዓመት በየሁለት ወሩ አልቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት ወሰዱ፤ ትሉ ወጣ፣ አለርጂና አስም ግን አልጨመረም። በኡጋንዳ ኢንቴቤ አልቤንዳዞል የወሰዱ ነፍሰ ጡሮች የወለዷቸው ሕፃናት ችፌ ጨምሮባቸው ታይቷል፤ ይህ መታለፍ የሌለበት ነጥብ ነው፣ የእርግዝና ወራት የመከላከያው ሥርዓት አቅጣጫ የሚይዝበት ጊዜ እንደሆነ ይጠቁማልና። ልጆቹ ራሳቸው በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን ሲወስዱ ግን ችፌው አልጨመረም።

ስለዚህ ኢትዮጵያ በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት እደላ በአስም ፍርሃት የሚቆም ነገር አይደለም። የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፣ ልጅን ያገረጣል፣ ያደክማል። ሊጠቅም ይችላል ለተባለ፣ በሙከራም ላልጸና ጥቅም ሲባል የድሃ ልጅ ትል ይዞ ይደግ ማለት አልችልም። አያቶቻችንም ቢሆኑ ከእነሱ ጋር አፈር ላይ ከተንከባለሉት ስንቶቹ ሳያድጉ እንደቀሩ ያስታውሳሉ።

ያልተመለሰው ጥያቄ የከተማው ነው። ከኡጋንዳ በ2019 የወጣ ጥናት ከተማ ውስጥ የተወለዱና ሕፃንነታቸውን ያሳለፉ ተማሪዎች ከገጠር ተወላጆቹ ይልቅ አስም እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። የጅማው የ1997 ጥናት በቤት ውስጥ የሚረጨው ማላቲዮን የተባለ ፀረ ተባይ ላይ ጣቱን ቀስሯል፤ በ2001 የወጣ ሌላ የጅማ ትንተና ደግሞ በነጭ ጋዝ የሚያበስሉ ቤተሰቦች አለርጂ እንደሚበዛባቸው አገኘ። ዛሬ የብዙ ከተማ ቤት ምድጃ ተቀይሯል፤ መንገዱ ግን በመኪና ጭስ ተሞልቷል፤ የቡታጅራው ዓይነት ክትትል ለአዲስ አበባ ሕፃናትም ቢደረግ ምንኛ በጠቀመ።

እስከዚያው ሕክምናው ላይ ክርክር የለም፤ ልቤን የሚያሳዝነውም ይህ ነው። አስም ያለበት ልጅ ሲያፍነው ብቻ ሰማያዊውን ሳልቡታሞል ነፍቶ ይተወዋል። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ለሰዓታት ይከፍታል እንጂ በውስጡ ያለውን ቁጣ አያበርድም። ሕመሙ ለሚመላለስበት ልጅ ቁጣውን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚነፋ ስቴሮይድ ነው፤ በሐኪም በታዘዘው መጠን ከተወሰደ ሱስ አያስይዝም፣ ብዙ ወላጅ ግን «ይለምድበታል» ብሎ ያቋርጠዋል። ለችፌም ቢሆን በ2020 የወጣ የእንግሊዝ ሙከራ 1,394 ሕፃናትን ከፍሎ ቅባት ገና ከተወለዱ ጀምሮ በየቀኑ መቀባት ችፌን አስቀድሞ እንደማይከላከል አሳይቷል፤ ችፌው ለወጣበት ልጅ ግን ቆዳውን ማለስለስ ዋናው እንክብካቤ ሆኖ ይቀጥላል።

ትንሽ ልጅ የሚነፋውን መድኃኒት በቀጥታ ከአፉ አድርጎ መሳብ አይችልም፤ አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። መሃል ላይ የሚገባው ስፔሰር የተባለው ዕቃ ደግሞ ውድ ነው፣ ብዙ ቦታም አይገኝም። በ1999 የኬፕ ታውኗ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛር ከባልደረቦቿ ጋር 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛውን ክፍል በመድኃኒት መንፊያው (ኢንሄለሩ) አፍ ልክ ቀድዳ ዙሪያውን አሸገችው። አስም የተነሳባቸው ልጆች በዚህ ጠርሙስ ሲታከሙ ፋብሪካ ከሠራው ስፔሰር ጋር እኩል ረዳቸው። ማንኛውም ጤና ጣቢያ ይህን ለእናቶች በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሳያቸው ይችላል።