ወድቆ የተገኘ ስልክ

እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ገና ለገበያ ያልወጣ የአይፎን 4 ናሙና አንድ የአፕል መሐንዲስ መጠጥ ቤት ውስጥ ጠፋበት። ያገኙት ሰዎች ጊዝሞዶ ለተባለ የዜና አውታር በ5,000 ዶላር ሸጡት፤ ምስጢሩ ወጣ፤ ፖሊስም የአዘጋጁን ቤት ፈተሸ። ሰዉ ሁሉ ስለ ፕሬስ ነፃነት ተከራከረ። መከራከሩስ ይገባል፤ እኔን ያሳሰቡኝ ግን ሻጮቹ ናቸው። በ2011 ጋዜጠኞቹ ሳይከሰሱ ቀሩ፤ በሁለቱ ሻጮች ላይ 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈረደ። ዘዳግም 22 ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ በሬም ይሁን ልብስ፣ ባለቤቱን ባናውቀው እንኳ እስኪፈልገው በቤታችን እንድናቆይለት ያዝዛል።

እኛስ ጋ? በነፋስ መውጫ ወይም በወገዳ ገበያ የወደቀ ስልክ አግኝቶ «እግዜር ሰጠኝ» በማለት ሲም ካርዱን አውጥቶ የሚጥል አይጠፋም። ያ ሲም ግን ዓረብ አገር ያለች ልጅ እናቷን የምታገኝበት ብቸኛ ቁጥር ሊሆን ይችላል። እባካችሁ፣ ሲጠራ አንሡት።