ሐሻብና ጠልሃ፦ ከሱቅ ዐረቢ ሙጫ የተገኘው ምስጢር

ሱቅ ዐረቢ የካርቱም እምብርት ነው። ከታላቁ መስጊድ ዙሪያ ስልክ፣ ጨርቅ፣ ሽቶና ቅመም የሚሸጥበት፣ ሰው በሰው የሚተላለፍበት ገበያ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ፈንድቶ እስኪዘረፍና እስኪቃጠል ድረስ። በሱዳን ቅመም ነጋዴዎች ዘንድ ከማይጠፉ ሸቀጦች አንዱ እኛ የግራር ሙጫ፣ እነርሱ ሰምግ የሚሉት ነው። በውሃ በጥብጠው ለኩላሊት ይበጃል እያሉ ይጠጡታል። ሁለት ዓይነት አለ፦ ሐሻብና ጠልሃ። ሐሻቡ ጠጣርና ድቡልቡል፣ ውድም ነው። ጠልሃው በእጅ ሲነኩት ይፈረካከሳል፤ ርካሽ ነው። ነጋዴው በዓይኑ ይለያቸዋል። የዋጋቸው ልዩነት በኬሚስትሪ እስኪብራራ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ፍለጋውም ማንም ሳያስበው እስከ ዘረመል ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙጫው ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። የግብፅ ጸሐፍት የቀለማቸውን ጥላሸት ከብራናና ከፓፒረስ ጋር ያያዙት በእርሱ ነው። በሱዳኑ ኮርዶፋን ገበሬዎች ዝናቡ አልፎ ቅጠል ሲረግፍ ሱንኪ በሚባል ስለታም መሣሪያ የዛፉን ቅርፊት ይልጣሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ቁስሉ ላይ የደረቀውን እንባ ይለቅማሉ፤ ዛፉ ደግሞ እንደገና ያነባል። በ1861 ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ይህን እንባ በውሃ አሟሙቶ በብራና ወረቀት ሊያሳልፈው ሞከረ። ጨውና ስኳር በቀላሉ አለፉ። ሙጫና ጄላቲን ግን እዚያው ቀሩ። ግራሃም እንዲህ ያሉትን ኮሎይድ ብሎ ለይቶ አስቀመጣቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሙጫውን በቀጭን አሲድ ቢቀቅሉት የሚወጣው ስኳር ነው፤ ስኳር ደግሞ በብራናው ያልፋል። ታዲያ ስኳሩ ሙጫ ውስጥ ሳለ ምን ያዘው?

ከእንዲህ ያለ የእጽዋት ሙጫ ካርል ሼይብለር የተባለ ጀርመናዊ በ1860ዎቹ መጨረሻ አንድ ስኳር ነጥሎ አወጣ። አራቢኖስ ተባለ። በዚያ ዘመን ስኳር ሁሉ ስድስት ካርቦን እንዳለው ይታመን ነበርና አራቢኖስም ስድስት ተሰጠው፤ ቆጥሮ ያረጋገጠ ግን አልነበረም። ኬሚስቱ ሃይንሪክ ኪሊያኒ ቆጠረ።

አቆጣጠሩን ለመረዳት የስኳርን አካል ማየት ያስፈልጋል። ካርቦኖቹ ተርታ ይሰለፋሉ፤ በየካርቦኑ ላይ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን የያዘች ሃይድሮክሲል የምትባል ቅጥያ አለች፤ ጫፉ ላይ ደግሞ አልዲሃይድ። መማሪያ መጻሕፍት ፈንክሽናል ግሩፕ የሚሏቸው እነዚህን ነው። ካርቦኖቹ ራሳቸው ብዙም አይንቀሳቀሱም፤ ሥራውን የሚሠሩት ቅጥያዎቹ ናቸው። ሙጫ በውሃ የሚሟሟው ሃይድሮክሲሎቹ ውሃን ስለሚስቡ ነው፤ ዕጣን ግን አብዛኛው አካሉ እነዚህ ቅጥያዎች ስለሚያንሱት በውሃ አይሟሟም። ኪሊያኒ አልዲሃይዱ ላይ ሃይድሮጅን ሳያናይድ አያይዞ ስኳሩን በአንድ ካርቦን አስረዘመው፤ ከዚያም የተገኘውን ውሁድ መርምሮ በ1887 አራቢኖስ አምስት ካርቦን ብቻ እንዳለው አሳየ።

ይህ ግኝት ለኬሚስቱ ኤሚል ፊሸር ሲሳይ ሆነለት። በጀርመን ቩርዝቡርግ የነበረው ፊሸር የስኳሮችን ቅርጽ ለመፍታት ዓመታት ለፍቷል። ስኳር ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ሲያደርቁት ሽሮፕ ሆኖ ይቀራል እንጂ በቀላሉ ክሪስታል አይሠራም። ራሱ ያገኘው ፌኒልሃይድራዚን የተባለ መርዛም ፈሳሽ ግን ከአልዲሃይዱ ጋር ሲዋሃድ ቢጫ ክሪስታል ይሰጥ ነበር። ጤናውን የጎዳውም ይኸው ፈሳሽ ነው። ፊሸር አራቢኖስን በኪሊያኒ ዘዴ ቢያስረዝመው ሁለት ስኳር ተገኘ፦ ግሉኮስና ማኖስ። አዲሷ ሃይድሮክሲል በግራም በቀኝም ልትቀመጥ ስለምትችል ነው። ሁለቱ ስኳሮች በዚያች በአንዲት ቅጥያ አቀማመጥ ብቻ እንደሚለያዩ ታወቀ። በተፈጥሮ የምናውቀው ግሉኮስ ሳይሆን የመስታወት ግልባጩ ነበር የተገኘው፤ ልክ የግራ እጅ ከቀኝ እጅ እንደሚለየው። ከዚህና ከሌሎች ማስረጃዎች ተነስቶ በ1891 የግሉኮስን ቅርጽ አወጀ።

በዚያው ዓመት ከኦስካር ፒሎቲ ጋር ሌላ ነገር ሞከረ። የአራቢኖስን አልዲሃይድ ካርቦክሲል ወደተባለው የአሲድ ቅጥያ ለውጦ፣ አሲዱን ከቤዝ ጋር አሙቆ፣ አንዷን ሃይድሮክሲል ወደ ሌላው ጎን ገለበጣት። ከዚያ ወደ ስኳርነት መለሰው። የተገኘው ስኳር በተፈጥሮ ማንም አይቶት የማያውቅ ነበር። ስሙን ከአራቢኖስ ፊደላት አሸጋሽጎ ራይቦስ አለው። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ እጅግ አስገራሚው ቦታ ይህ ነው፤ ሰው ሠርቶት ስም ያወጣለት ስኳር ባለቤቱ ገና አልታወቀም ነበር።

ባለቤቱ የተገኘው በ1909 ነው። ኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም የሚሠራው ፌበስ ሌቪን ከዋልተር ጄከብስ ጋር በሕዋሳት ውስጥ የሚገኘውን ኒውክሊክ አሲድ ሲበትን ውስጡ ያለው ስኳር ራይቦስ ሆኖ አገኘው፤ የፊሸር ሳይሆን የመስታወት ግልባጩ። ዛሬ አርኤንኤ የምንለው ሞለኪውል የመጀመሪያ ፊደሉን የወሰደው ከዚህ ነው። በ1929 ደግሞ ሌቪን አንድ ኦክስጅን የጎደለውን ዲኦክሲራይቦስ ለየ፤ የዲኤንኤን ስኳር ማለት ነው።

ከግራሃም ሙከራ የተነሳው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም፤ ስኳሩን ሙጫ ውስጥ ምን ያዘው? ብዙዎቹ ሊቃውንት ሙጫና ጎማ የትናንሽ ሞለኪውሎች ክምር ናቸው ይሉ ነበር። በ1920 ኬሚስቱ ሄርማን ሽታውዲንገር ተቃወመ፦ ክምር አይደሉም፣ በጽኑ ኬሚካዊ ማሰሪያ የተያያዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው አለ። ብዙ ተከራከሩት። ኖቤል የተሰጠው በ1953 ነው። የአንዱ ስኳር ሃይድሮክሲል ከሌላው ስኳር ጋር ሲጣመር አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል፤ ሁለቱ በኦክስጅን ይተሳሰራሉ። ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ፖሊመር ይሆናል። አሲድ ያን ውሃ መልሶ ስለሚያስገባ ስኳሮቹ ይለቀቃሉ። ሙጫው በብራናው ያላለፈው ስለዚህ ነው፤ ሞለኪውሉ ግዙፍ ነበር። ፕሮቲንም ስታርችም ጥጥም የሚሠሩት በዚሁ ውሃ በማውጣት ሥርዓት ነው፤ የሚለያዩት በቅጥያዎቹና በማሰሪያው አቀማመጥ ነው።

ወደ ነጋዴው እንመለስ። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ሐሻብን አጥብቀው የሚፈልጉት የብርቱካንና የሎሚ ዘይት ጠብታዎችን በውሃ ውስጥ በትኖ ስለሚያቆይ ነው። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ሙጫውን ለይታ የተወችውም ያለምክንያት አይደለም። ግን ስኳር ዘይትን አይወድም፤ ታዲያ ማን ያዘው? በ1988 በዌልስ ራንዳል፣ ፊሊፕስና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች መልሱን አሳተሙ። ሙጫው ውስጥ ሁለት በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለ፤ አብዛኛው በግዙፎቹ ሞለኪውሎች ላይ ይገኛል። የፕሮቲኑ አካል ዘይቱን ይይዛል፤ በሴሪንና በሃይድሮክሲፕሮሊን ሃይድሮክሲሎች ላይ የተተከሉት የስኳር ቅርንጫፎች ወደ ውሃው ይዘረጋሉ። ፕሮቲኑን በኢንዛይም ሲቆርጡት ሙጫው ዘይት የመያዝ ኃይሉን አጣ።

ጠልሃ ከሐሻብ የበለጠ አራቢኖስ አለው፤ ፕሮቲኑ ግን ያንሳል፣ ዘይት የመያዝ ኃይሉም ደካማ ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ሁለቱ ተፈጭተው ዱቄት ሲሆኑ በዓይን አይለዩም፤ ላቦራቶሪ ግን የብርሃን ማዞሪያ መለኪያ አለው። የሐሻብ ሙሙት ፖላራይዝድ ብርሃንን ወደ ግራ ያዞራል፣ የጠልሃ ደግሞ ወደ ቀኝ፤ ሐሻብ ብሎ ጠልሃ የሸጠ ነጋዴ የሚያዘው በዚህ ነው።