«ፖሴሲዮ» እና «ይዞታ»፤ የአንድ የሕግ ስም አመጣጥና ሰዋስው

የሮማውያን ሕግ «ፖሴሲዮ» የሚለው ስም በአማርኛ «ይዞታ» ተብሎ ይተረጐማል። ስሙ በላቲን አንስታይ ነው፤ ዘርፍ ሲሆን «ፖሴሲዮኒስ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ፖሴሲዮኔም» ይላል። ሥሩ ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ «ፖቲስ» የሚችል፣ ሥልጣን ያለው ማለት ሲሆን፣ «ሴዴሬ» መቀመጥ ማለት ነው። እንግዲህ የመነሻ ፍቺው በሥልጣን መቀመጥ ይሆናል።

ግሡ ሁለት መልክ አለው። «ፖሲዴዎ» ይዞ መኖርን፣ «ፖሲዶ» መያዝን ያመለክታል። ስሙ ለሁለቱም ስለሚያገለግል ድርጊቱንም ሁኔታውንም ያጠቃልላል። አማርኛ ግን ይለያቸዋል፤ ድርጊቱ «መያዝ»፣ ሁኔታው «ይዞታ» ነው። «ይዞታ» ከ«ያዘ» የተገኘው፣ «ችሎታ» ከ«ቻለ»፣ «ስጦታ» ከ«ሰጠ» በተገኙበት አኳኋን ነው።

በሌላ በኩል ሁለቱ ቃላት ይመሳሰላሉ። «ፖሴሲዮኔስ» የሚለው ብዙ ቁጥር መሬቱን ራሱን እንደሚጠራ ሁሉ፣ «ይዞታዬን አጠርሁ» የሚል ሰውም የሚያጥረው መሬቱን እንጂ መብቱን አይደለም። ደግሞም ሮማዊው ዜጋ የሕዝብን መሬት ይይዛል እንጂ ባለሀብቱ አይሆንም ነበር፤ በኢትዮጵያም መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጆች ከግል ሀብትነት ከወጣ ወዲህ ግለሰብ በመሬት ላይ ያለው መብት የሚጠራው በ«ይዞታ» ነው።

የቃሉ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1140 ይዞታን የተረጐመው አንድ ሰው በአንድ ነገር ላይ በእውነት ባለው አዛዥነት ነው፤ ሰነድን የትርጓሜው ክፍል አላደረገም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግን «ነባር ይዞታ» ሲል በሕጋዊ መንገድ የተገኘውን ብቻ ማለቱ ነበር። በፊተኛው ትርጓሜ ይዞታ የሚታይ ነገር ነው፤ በኋለኛው የተፈቀደ መብት ነው።

ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀና ማርያም አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ነዋሪው «ይዞታዬ» የሚለውን አስተዳደሩ «ሕገ ወጥ» ይለው ነበር። «ሰነድ አልባ ይዞታ» የሚለው ሐረግ ደግሞ በፊተኛው ፍቺ ትርጉም ይሰጣል፤ በኋለኛው እርስ በርሱ ይጋጫል።

ስለዚህ ተርጓሚዎች «ፖሴሲዮ»ን «ይዞታ»፣ «ዶሚኒዩም»ን «ባለሀብትነት» እንዲሉ፣ ሕጋዊነትን መግለጽ ሲያስፈልግም «ሕጋዊ» የሚለውን ቅጽል እንዲጨምሩ እናሳስባለን። ቅጽሉ ሊሸከመው የሚገባውን ስሙ ብቻውን ከተሸከመ፣ አንባቢው የትኛውን ፍቺ እንደያዘ አይታወቅም።